መጨረሻ የሚከፈለው አምበል

በሊትዌኒያዋ በክርቪናይ ከተማ የቅርጫት ኳስ ክለቡ በጀት የሚሠራው ቢሮ ውስጥ አይደለም። ቢሮማ አለ፤ እዚያ የሚቀመጠው ግን የዋንጫዎቹ አቧራ ነው። በጀቱ የሚሠራው በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ውድድሩ ሲያልቅ፣ በፕሬዚዳንቱ በዜኖናስ የሐይቅ ዳር የእንፋሎት ቤት ውስጥ፣ ራቁታቸውን በተቀመጡ ወንዶች መካከል ነው። የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ይደፋል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ በበርች ዛፍ ቅጠል አንዱ የሌላውን ጀርባ ይገርፋል፤ ከዚያ ዜኖናስ ላቡን ጠርጎ "እሺ ልጄ፣ ለከርሞ ስንት ይበቃሃል?" ይላል። የተባለው ቁጥር በመጨባበጥ ይጸድቃል። ወረቀቱ በኋላ ይመጣል፤ አንብቦ የሚፈርም ግን የለም። ራቁቱን የተቀመጠ ሰው አይዋሽም ብለው ያምናሉ።

የዤማይቲያ፣ የዚያ አካባቢ፣ ሰው ግትር ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ግትርነቱ ደግሞ በገንዘብ ነገር ይብሳል። ያበደረውን አይጠይቅም፣ የጎደለበትን አይናገርም፣ ሰው ቤት ሄዶ ርቦት እንኳ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። የክለቡ አምበል ሪምቪዳስ፣ ባጭሩ ሪማስ፣ ደግሞ በዚህ በሽታ ከሁሉም የጸና ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ በር ሲገባ ጎንበስ ያሰኘዋል፤ ጉልበቶቹ ደረጃ በወጣ ቁጥር እንዳረጀ በር ይንቋቋሉ። ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ አገርም ጭምር፣ እየተጠራ አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ ሲጠየቅ "እዚህ ዓሣ አለ" ይላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ዓሣ ሲያጠምድ ያየው ሰው የለም።

ባለፈው ግንቦት እንፋሎት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ነበሩ፤ ዜኖናስ፣ ሪምቪዳስና አሜሪካዊው ላሞንት። ላሞንት የቡድኑን ጨዋታ የሚያቀናብረው ሰው ነው፤ ኳስ በእጁ ካላለፈች ቡድኑ መንገዱ ይጠፋዋል። በዚያን ቀን ግን ጨዋታ ሊያቀናብር ቀርቶ መተንፈስም አቅቶት፣ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ፣ ከበሩ አጠገብ ታችኛው አግዳሚ ላይ ተጣጥፎ ነበር። አንድ የቱርክ ክለብ በእጥፍ ሊወስደው ፈልጎታል። እሱ ግን ሚስቱም ከተማውን ስለወደደችው በወር አሥራ አምስት ሺህ ዩሮ ከተከፈለው እንደሚቆይ ተናግሯል።

"አሥራ ሁለት ተኩል ነው ያለኝ" አለ ዜኖናስ። "ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይጎድለኛል። ጫካ ገብቼ ልቁረጠው?"

"ከእኔ ላይ ይቁረጡት" አለ ሪምቪዳስ።

"ያንተ እኮ አምስት ሺህ ነው።"

"ግማሹ ይበቃኛል። ይህ ልጅ ከሄደ ወደ ታችኛው ሊግ ነው የምንወርደው፤ ያኔ አምስት ሺሁም የለም።"

"ኡግኔ ምን ትልሃለች?"

"ለሚስቴ እኔ እነግራታለሁ። ልጆቹ ግን እንዳይሰሙ። አምበሉ በግማሽ ዋጋ የሚጫወት ከሆነ የትኛው ልጅ ነው አፉን ሞልቶ ጭማሪ የሚጠይቅዎት?"

ዜኖናስ ድንጋዩ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ደፋ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ በላሞንት ፎጣ ላይ ተሻግረው ተጨባበጡ። ልጁን ከመጤፍ አልቆጠሩትም። ለኳስ የመጣ ባዕድ የሊትዌኒያን ቋንቋ ይማራል ብሎ የሚጠረጥር በዚያ አገር የለም፤ ብዙዎቹ ዓመት ኖረው "አመሰግናለሁ" የምትለዋን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የበረዶው ወቅት ሲገባ የዜኖናስ የእንጨት መሰንጠቂያ ታመመ። የክለቡ ቀለብ ከዚያ ነበርና ክለቡም አብሮ ታመመ። እንዲህ ሲሆን ደመወዝ የሚከፈልበት ወረፋ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። መጀመሪያ ለውጭ አገር ተጫዋቾቹ ይከፈላል። የእነሱ ከዘገየ ወኪሎቻቸው ስዊዘርላንድ ላለው የስፖርት ችሎት ይጽፋሉ፤ ችሎቱ ደግሞ ክለቡ አዲስ ተጫዋች እንዳይቀጥር ያግዳል። ከዚያ የቤት ልጆች ይከተላሉ። የቤት ልጅ የት ይሄዳል? እናቱ እዚህ፣ ውሻው እዚህ። ከሁሉም መጨረሻ አምበሉ። የካቲት ላይ የቤት ልጆቹ ሰባቱም ሁለት ወር ሳይከፈላቸው እየተጫወቱ ነበር። ውላቸው ላይ ቁጥሩ አምሮ ተቀምጧል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

ለውጭዎቹ ይህን የነገራቸው የለም። ነውር ነው።

በዚያው ሰሞን ሰኞ ዕለት ዜኖናስ ከልምምድ በኋላ ሪምቪዳስን ከሜዳው ጥግ ጠራው። ሰውየው ከስቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

"ሪማስ፣ የሊጉ ሰዎች ወረቀት ልከዋል። ሁሉም ተጫዋች እስከ ዓርብ ቀትር 'ክለቡ ዕዳ የለብኝም' ብሎ—" ብሎ ጀመረና ተሳሳተ። "'ክለቡ ዕዳ የለበትም' ብሎ መፈረም አለበት። አንድ ፊርማ ከጎደለ ፈቃዳችንን ይነጥቁናል። በመሃል ውድድር አለቀልን ማለት ነው።"

"ግን ዕዳ አለብዎት።"

"አለብኝ። ጸደይ ሲመጣ አንድ ደን እሸጣለሁ፣ እከፍላለሁ። ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"ልጆቹ እኔን አይሰሙም። አንተ ከፈረምክ ይፈርማሉ። አንተ ካልክ ገደልም ይገባሉ።"

ሪምቪዳስ እሺ አለ። ምን ይበል? ሰውየው የእናቱን የቀብር ሥነ ሥርዓት ከኪሱ ያስፈጸመለት ነው።

ማታ ኡግኔ የድንች ገንፎ ላይ ጎምዛዛ እርጎ እየጨመረች አየችው። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የሰው ፊት አይታ የት እንደሚያመው ታውቃለች። ይህን ዓመት ሙሉ ቤቱን የያዘችው በእሷ ደመወዝ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄም አንድ ነበር።

"ዛሬስ ስንተኛ ነህ?"

"ዛሬ የገባ የለም።"

"ለማንም አልገባም ወይስ ላንተ?"

"ለአሜሪካዊውና ለሁለቱ ላትቪያውያን ገብቷል።"

"ጎበዝ" አለችና ማንኪያውን አስቀመጠች። "ስማኝ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ገንዘቡ አይደለም። ዛሬ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'የእናንተ ቤትማ ምን ይጎድለዋል፣ ባልሽ ስምንት ሺህ እየበላ።' ስምንት ሺህ፣ ሪማስ! ከተማው ሁሉ ያወራዋል። የቡድንህ ልጆችም ያወሩታል።"

"ማንም እንዲህ ሲል አልሰማሁም።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሐቁን ንገራቸው።"

"በእጄ ጨብጬ ቃል ገብቻለሁ።"

"እኔም በቤተ ክርስቲያን ቃል ገብቼልሃለሁ፤ በዚያ ቃል ውስጥ ግን ስምንት ሺህ የሚበላ ስግብግብ ሚስት ተብዬ እንድኖር የሚል የለበትም።" ቆየት ብላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችው። ተናዳ እንኳ ትሳሳለታለች፤ ይህን ያውቃልና የቀረበለትን ሁሉ በላ።

ረቡዕ ከልምምድ በኋላ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሪምቪዳስ ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አኖረ። ክለቡ ለውጭዎቹ ዕዳ ስለሌለበት ሁለቱ ላትቪያውያን ወዲያው ፈርመው ወጡ። ላሞንት ግን ጥግ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ መፍታትና መልሶ ማሰር ያዘ። የቤት ልጆቹ ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ ያዩታል።

"ሰውየው ደን ሸጦ ይከፍላል" አለ ሪምቪዳስ። "አውቀዋለሁ። እኔ ፈርሜያለሁ።"

ኤይማንታስ ተነሳ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፈጣን፣ ምላሱም እንደ እግሩ። በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዶ ቤት ተከራይቷል።

"እኔ አልፈርምም።"

"ኤይማንታስ—"

"የልጄ ዳይፐር ደን እስኪሸጥ አይጠብቅም፣ አምበል። ዛሬ ዕዳ የለበትም ብዬ ከፈረምኩ ነገ ምን ይዤ ልጠይቀው? እንፋሎት ቤት ገብቼ ላልቅስበት?"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሪምቪዳስ አልሳቀም።

"ሁላችንም እየጠበቅን ነው" አለ።

"ላንተማ መጠበቅ ቀላል ነው። ስምንት ሺህ የሚያገኝ ሰው ዓመትም ይጠብቃል! እኛን ለማስፈረም ስንት ጨመረልህ?"

ለሪምቪዳስ አንድ ቁጥር መናገር ብቻ ነበር የሚበቃው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የጨበጠው እጅ፣ ያየው እንፋሎት፣ "ልጆቹ እንዳይሰሙ" ያለው የራሱ ድምፅ አገዱት። ልጆቹ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠሩት፤ ኤይማንታስም ቦርሳውን አነሳ።

ያን ጊዜ ላሞንት ከጥጉ ተናገረ። በእነሱው ቋንቋ፣ እየተሰባበረ።

"ስምንት የለም" አለ። "አምስት ነበር። ሁለት ተኩል ለእኔ ሰጠ። አሁን ለሱ ሁለት ተኩል።"

ሁሉም ዞረው አዩት። ወንበሩ ቢናገር ይህን ያህል አይደነግጡም ነበር።

"ግንቦት። እንፋሎት ቤት። እኔ በር አጠገብ ተቀምጧል። እኔ ሁሉ ሰምቷል" አለ፤ ግሡ እየከዳው። "እሱ እንዲህ አለ፦ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ ጭማሪ መጠየቅ ያፍራሉ።"

"አንተ ቋንቋችንን ትችላለህ?" አለ አንዱ ልጅ በጭንቅ።

"አያቴ ገኖቫይቴ። የቤት አከራይ። በየቀኑ ታስተምራለች። ካጠፋሁ በማንኪያ ትመታለች።"

የሳቀ የለም። ኤይማንታስ ቦርሳውን እንደያዘ አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እኔ ሦስት ሺህ ነው የማገኘው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ።

ሪምቪዳስ ኮቱን ነጥቆ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር፤ እሱ ግን በአደባባይ የተገፈፈ ያህል ነደደው። ላሞንት በበረዶው ውስጥ እስከ መኪናው ድረስ በቀጭን ሹራብ ተከተለው። አምበሉ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጮኸበት።

"ማን ጠየቀህ? ያንተ ጉዳይ ነው?"

"የእኔ ጉዳይ ነው እንጂ! ዓመቱን ሙሉ ያንተን ደመወዝ ስበላ ከርሜያለሁ።"

"ወድጄ ነው የሰጠሁህ።"

"ልትሰጠኝ ፈልገህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? አመሰግናለሁ እንዳልል ነው? ነጥብ ባስቆጠርኩ ቁጥር አንተን ነው የማየው፤ አንተ ደግሞ ዞር ትላለህ። ልጆቹ ደመወዝ እንዳልገባላቸውስ ለምን አልነገራችሁኝም? ይህንንም የነገረችኝ ገኖቫይቴ ናት፤ ትናንት፣ ጎመን እየከተፈች። አሮጊቷ የምታውቀውን እኔ አላውቅም።"

"ነውር ነው" አለ ሪምቪዳስ።

"ለማን?"

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። የኤይማንታስ ፊት ድቅን አለበት። ልጁ ገንዘቡን መጠየቁ ትክክል ነበር። እሱ ራሱ፣ ዓመታት ሙሉ መጨረሻ ላይ በመቆሙ፣ ከፊቱ ያሉት ልጆች ሁሉ አፋቸውን እንዲዘጉ ነበር ያስተማራቸው። ጨዋነት ሲመስለው የኖረ ነገር ለዜኖናስ አመቺ፣ ለልጆቹ ጦስ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከስድቡ ይልቅ ቆጠቆጠው።

"የገባልኝን የሁለት ወር ደመወዝ ብመልሰው የልጆቹን ዕዳ ይሸፍናል" አለ ላሞንት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "የክፍያ ቀኔን ወደ ሰኔ ልግፋው። ቀኑ ከተገፋ ዕዳ አይባልም፤ ማንም ሳይዋሽ ይፈርማል።"

"ወኪልህስ?"

"ወኪሌ ለእኔ ነው የሚሠራው። እኔ ሳዘው ይደነግጣል፣ ግን ይለምደዋል።"

ሪምቪዳስ በረዶውን በጫማው ቆፈረ። "እሺ። ግን ለልጆቹ ብቻ። የእኔም ቀን እንዳንተው ይገፋ፤ ከዚህ ገንዘብ ሳንቲም አልነካም።"

"አንተ ሰውዬ በቅሎ ነህ።"

"የዤማይቲያ ሰው ነኝ። ግባ መኪና ውስጥ፣ ሳንባህ ከክለቡ በጀት በላይ ነው።"

ሐሙስ ላሞንት ገኖቫይቴን አስከትሎ ዜኖናስ ቢሮ ሄደ፤ በትክክል ለመናገር እሷ ናት ያስከተለችው። አሮጊቷ ዜኖናስን አንደኛ ክፍል ያስተማረች ናት። እዚያ የተባለውን ሁሉ የሰማ የለም፤ ጸሐፊዋ ግን ፕሬዚዳንቱ ቆሞ ሲናገር፣ አሮጊቷ ተቀምጣ ስታዳምጥ አይታለች። ማታውን ዜኖናስ ለሪምቪዳስ ደውሎ "እንዳልከው ይሆናል" አለው። ድምፁ ውስጥ የተደበቀ ነገር ነበር፤ ሪምቪዳስ ድካም ነው ብሎ አለፈው።

ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮው አሠልጣኙ የሁሉንም ስልክ በባልዲ ሰብስቦ ከሜዳው ዳር አኖረው። ከስልኮቹ ሁሉ የአምበሉ ይለያል። የሌሎቹ ቢንዘፈዘፉ ነው፤ የሱ ግን አሮጌ ስለሆነ መልእክት ሲገባ እንደ ኩኩ ወፍ ይጮሃል። ኡግኔ ናት የጫነችለት፤ እሱ እንዴት እንደሚጠፋ አያውቅም። ለዓመታት የቡድኑ መሳቂያ ነው።

ልምምዱ ተጋጋለ። ኤይማንታስ ደጋግሞ ወደ ባልዲው ያያል። ሌሎቹም ያያሉ። ሪምቪዳስ ገባው፤ ገንዘቡን እየጠበቁ ነው፣ ይጠብቁ። እሱ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳስ ሲያቀብል ከባልዲው ውስጥ ኩኩ አለ።

ኡግኔ ናት ብሎ አለፈው። ልጆቹ ግን ቆሙ። ኳሷ ብቻዋን ነጥራ ነጥራ ግድግዳው ሥር ተኛች። ቆየት ብሎ ባልዲው መንዘፍዘፍ ጀመረ፤ አንዱ ስልክ፣ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ተቀላቅለው የታሰረ ንብ አስመሰሉት። አሠልጣኙ እንኳ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

"ስልክህን እየው፣ አምበል" አለ ኤይማንታስ።

ሄዶ አየው። ከባንክ ነው። የሁለት ወር ደመወዙ ገብቷል።

"ይህ ስህተት ነው" አለ። "ለዜኖናስ ነግሬዋለሁ። የእናንተ ይከፈል፣ የእኔ ይቆይ ብያለሁ።"

"እኛም ነግረነዋል" አለ ኤይማንታስ። "ትናንት ማታ ሰባታችንም ቤቱ ሄድን። ኩኩዋ መጀመሪያ ካልጮኸች አንፈርምም አልነው። ከእያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ወደ ሰኔ ተገፋ፤ ያንተን ሞላ። ወረፋው ተገለበጠ።"

"ልጅ አለህ አንተ። ቤት ተከራይተሃል።"

"ለዳይፐር የሚበቃ ገብቶልኛል።"

"ማን ፈቀደላችሁ?" አለ ሪምቪዳስ፤ ድምፁ ሊቆጣ ተነስቶ መንገድ ላይ ከዳው። "ማንን ጠይቃችሁ ነው?"

"አንተስ ግንቦት ላይ ማንን ጠየቅክ?"

ላሞንት ከወዲያ ጫፍ ጥርሱን አግጥጦ ያየዋል። ኤይማንታስ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማው አድርጎ፣ "ረቡዕ ያልኩህን ነገር…" ብሎ ጀመረ፤ መጨረስ ግን አቃተው። አምበሉ ሰፊ እጁን የልጁ ማጅራት ላይ አሳረፈ፤ ጭንቅላቱን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ለቀቀው።

ከቀትር በፊት ወረቀቱ አግዳሚው ላይ ተዘረጋ። ሰባቱ በተራ ፈረሙ፤ ላሞንትና ሁለቱ ላትቪያውያንም ፈረሙ። የሰኞውን ወረቀት ዜኖናስ ራሱ ቀድዶት ነበርና አምበሉ እንደገና መፈረም ነበረበት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ልጆቹም ቆመው ጠበቁት። "ፈርም እንጂ፣ ሊጉ ይዘጋል" ብሎ ያሾፈም ነበር። ፈረመ።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ኡግኔ ጋ ደወለ። መድኃኒት ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር፤ ከኋላዋ የሚያስል ሰው ይሰማል።

"ገባ" አላት።

"ምኑ?"

"ደመወዙ። የሁለት ወር።"

እንደ ልማዷ፣ ግን ረጋ ብላ፣ "ዛሬስ ስንተኛ ነህ?" አለችው።

ሊመልስላት ፈለገ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ በነጻ እጁ ዓይኑን ያዘ፤ ኡግኔም ደንበኞቿን አስቁማ ጠበቀችው።

"አንደኛ" አላት።